በበረዶ አገር ትንሽ እርሻ ይዞ ክረምትን ማለፍ፦ ከእንጨት ክምር እስከ እንቁላል ሒሳብ

በየዓመቱ መስከረም ላይ ከሚኒያፖሊስ የሚደውልልኝ የአገሬ ሰው አይጠፋም። ጥያቄው አንድ ነው፦ «ትንሽ መሬት ገዝቼ፣ ዶሮና ፍየል ይዤ እናንተ ዘንድ ብመጣ መኖር እችላለሁ?» እኔም መልሼ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ «እንጨቱን ፈልጠሃል?» መስከረም ላይ እንጨቱን ፈልጦ ያልደረደረ ሰው ለዚያ ዓመት ዘግይቷል።

የምኖረው በሰሜን ሚኔሶታ፣ ከዱሉዝ ከተማ በስተ ሰሜን ነው። በረዶው ብዙውን ጊዜ በኅዳር መሬቱን ይሸፍንና እስከ መጋቢት መጨረሻ፣ አንዳንድ ዓመት እስከ ሚያዝያ ይቆያል። በግዛቲቱ ከተመዘገበው ቅዝቃዜ ሁሉ የከፋው ፌብሩዋሪ 2 ቀን 1996 ታወር በምትባል ትንሽ ከተማ የወረደው ነው፤ ከዜሮ በታች 51 ዲግሪ ሴልሲየስ ደርሶ ነበር። እንዲህ ያለው ብርቅ ነው። ከዜሮ በታች 30 ግን በየዓመቱ ይጎበኘናል።

በአገራችን ክረምት የዝናብ፣ የእርሻና የዘር ወራት ነው። እዚህ ክረምት ስል ምድር የሚዘጋበትን የበረዶውን ወራት ማለቴ ነው። ወራቱንና ሰዓቱን በእኛው አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ የሕግና የታሪክ ቀኖችን ብቻ በፈረንጆቹ እተዋቸዋለሁ።

እንጨት

የእንጨት መለኪያ እዚህ ኮርድ ይባላል። 4 ጫማ ከፍታ፣ 4 ጫማ ወርድና 8 ጫማ ርዝመት ያለው ክምር ነው፤ በሜትር ሲሰላ 3.6 ሜትር ኩብ ገደማ ይሆናል። አንዳንድ ሻጮች ግን «ፌስ ኮርድ» የሚሉትን ይሸጣሉ። እሱ አንድ ረድፍ ብቻ ነው፤ ፍልጡ 40 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ካለው ከሙሉው ኮርድ ሲሶው ብቻ ነው የሚደርሳችሁ። ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት የትኛውን እንደሚሸጥላችሁ ጠይቁ፤ ከተራገፈ በኋላም ደርድራችሁ ለኩ። ለእኔ መጠነኛ ቤት በዓመት 6 ኮርድ ይበቃል። ሰባተኛውን ለክፉ ቀን አስቀምጣለሁ።

በዚህ አካባቢ በብዛት የምናነደው በርች ነው። ነጩ ቅርፊቱ ውሃ አያሳልፍም፤ ስለዚህ ሳይፈለጥ የተኛ ግንድ ከውጭ ጤነኛ መስሎ ከውስጡ ይበሰብሳል። በርች በተቆረጠ በሳምንቱ ይፈለጥ፤ እንዲህ ከሆነ በአንዱ ሞቃት ወራት ይደርቃል። ኦክ ያገኘ ሰው ዕድለኛ ነው፣ ሙቀቱ ከፍተኛ ነውና፤ ለመድረቅ ግን ሁለት ዓመት ይፈልጋል። አስፐን ቶሎ ይነድና ቶሎ ያልቃል። እሱን ለጥቅምትና ለሚያዝያ አስቀምጡት፤ በጥር ሌሊት አያስተኛችሁም።

አደራደሩ ቀላል ነው። ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ በሣንቃ ላይ፣ ነፋስ እንዲያልፍበት በአንድ ረድፍ ደርድሩ፤ ላዩን ብቻ ሸፍኑ፣ ጎኑን ክፍት ተዉት። ሁሉን በሸራ የጠቀለለ ሰው እንጨቱን አሻገተው ማለት ነው። መድረቁን ለማወቅ ሁለት ፍልጥ አጋጩ፦ የደረቀው ጥርት ብሎ ይጮኻል፣ የእርጥቡ ድምፅ ይታፈናል። እርግጠኛ መሆን የፈለገ አነስተኛ የእርጥበት መለኪያ ይግዛ፤ አንዱን ፍልጥ እንደገና ፈልጦ በአዲሱ ገጽ ላይ ሲለካው ከ20 በመቶ በታች ሊያነብ ይገባል።

ይህን የተማርኩት በውድ ዋጋ ነው። በመጀመሪያው ዓመት «ደረቅ ነው» ተብዬ የገዛሁት 3 ኮርድ ውሃ የቋጠረ ነበር። እሳቱ ይጨሳል እንጂ አይነድም፣ ቤቱ አይሞቅም፣ በጭስ ማውጫው ውስጥ ሬንጅ የመሰለ ጥቀርሻ ይጋገራል። ጥር ላይ አንድ ሌሊት ያ ጥቀርሻ ተቀጣጠለና የጭስ ማውጫው እንደ ባቡር ጮኸ። የምድጃውን አየር ማስገቢያ ዘግተን፣ ልጆቹን በብርድ ልብስ ጠቅልለን ወደ መኪናው አውጥተን፣ የእሳት አደጋ ሠራተኞች እስኪደርሱ ቆመን ጠበቅን። ቤቱ ተረፈ። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ይሆናል ድስት ጥዶ ማልቀስ» የሚለውን እናቴ የምትተርተውን ተረት የዚያን ሌሊት ያህል ገብቶኝ አያውቅም። ከዚያ ወዲህ ጭስ ማውጫውን በየዓመቱ መስከረም ላይ አስጠርጋለሁ፤ ጥር ላይ ደግሞ እንደገና አስፈትሻለሁ።

እንጨት ርካሽ የሚሆነው ጉልበታችሁን ስትጨምሩበት ነው። በብሔራዊ ደኖች ውስጥ የወደቀና የደረቀ እንጨት ለቤት ፍጆታ ለመሰብሰብ በአነስተኛ ክፍያ ፈቃድ ይሰጣል። አንድ ኮርድ ደረቅ በርች ጥሩ ምድጃ ውስጥ ሲነድ ወደ 150 ጋሎን ፕሮፔን፣ ማለትም በጋን የሚቀመጥ የማሞቂያ ጋዝ፣ ይተካል። የዓመቱን የፕሮፔን ዋጋ በ150 አባዙና ከኮርዱ ዋጋ ጋር አስተያዩት፤ መጥረቢያ ማንሣቱ ያዋጣ እንደሆነ ሒሳቡ ይነግራችኋል። ከሩቅ አውራጃ ግን እንጨት አትጫኑ። አሽ የተባለውን ዛፍ የሚጨርሰው አረንጓዴ ጥንዚዛ በ2009 ሴንት ፖል ውስጥ ከተገኘ ወዲህ በማጓጓዝ ላይ ገደብ አለ፤ ገደቡም ተገቢ ነው።

የጠዋቱ እሳት

በታኅሣሥ ፀሐይ የምትወጣው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ሲጠጋ ነው፤ ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ትገባለች። እኔ በ11 ሰዓት እነሣለሁ። ፍሙን ወደ ፊት ሰብስቡ፤ የበርች ቅርፊትና ጭራሮ ጨምሩበት፤ ሦስት ቀጫጭን ፍልጥ አቆራርጣችሁ ጫኑና አየር ማስገቢያውን ሙሉ በሙሉ ክፈቱ። እንጨቱ በሚገባ እስኪያያዝ፣ ሩብ ሰዓት ያህል፣ ክፍት ይቆይ። ከዚያ ትልልቁን ጨምራችሁ በጥቂቱ ቀንሱት። ሌሊቱን ሙሉ እንዲቆይ ብሎ እሳቱን ማፈን ጥቀርሻ መሥራት ነው።

አመዱን ክዳን ባለው የብረት ባልዲ ውስጥ አድርጋችሁ ከቤቱ ቢያንስ 3 ሜትር አርቃችሁ አስቀምጡ። በአመድ ውስጥ የተቀበረ ፍም ለቀናት ሳይጠፋ ይቆያል፤ በካርቶን ወይም በፕላስቲክ ተደርጎ በረንዳ ላይ የተቀመጠ አመድ ብዙ ቤት አቃጥሏል። ከቀዘቀዘ በኋላ ግን ሀብት ነው። በሚያንሸራትተው መንገድ ላይ ይበተናል፣ ዶሮዎች ይታጠቡበታል፣ በአትክልቱ መሬት ላይ ይነሰነሳል። ድንች በሚተከልበት ብቻ አይደረግ፤ ልጡን እከክ ያስይዘዋል።

አሁን የምናገረውን እያንዳንዱ ሐበሻ ቤት እንዲሰማው እፈልጋለሁ። መብራት ሲጠፋና ቤቱ ሲቀዘቅዝ የቡናውን ከሰል ወደ ውስጥ አታስገቡ። እነዚህ ቤቶች ነፋስ እንዳያስገቡ ተደርገው የታሸጉ ናቸው፤ በአገራችን በቀዳዳው የሚወጣው ጋዝ እዚህ መውጫ የለውም። ካርቦን ሞኖክሳይድ አይሸትም፣ አይታይም፣ የተኛን ሰው ሳይቀሰቅስ ይገድላል። በየመኝታ ቤቱ አጠገብ ማስጠንቀቂያ መሣሪያ ስቀሉ፤ ጄኔሬተሩም ከቤትና ከመኪና ማቆሚያ ውጭ፣ ከመስኮት ርቆ ይሥራ።

ውሃ

በሰሜን ሚኔሶታ የግንባታ ደንቡ መሬቱ እስከ 1.5 ሜትር ጥልቀት ሊቀዘቅዝ እንደሚችል ታሳቢ ያደርጋል። ከዚያ ባነሰ ጥልቀት የተቀበረ ቧንቧ ሁሉ አደጋ ላይ ነው። ውሃ በረዶ ሲሆን ወደ 9 በመቶ ያህል ይሰፋል፤ ቧንቧው የሚፈነዳው ለዚህ ነው። ቤት ስትገዙ ባለቤቱን ስለ ወለሉና ስለ መስኮቱ ከመጠየቃችሁ በፊት ቧንቧው በየት በኩል እንደሚያልፍና ምን ያህል እንደተቀበረ ጠይቁት።

ከዜሮ በታች 25 ሲተነበይ፣ በውጭው ግድግዳ በኩል ያሉትን የቁም ሣጥን በሮች ክፈቱ፣ ሙቀቱ ይግባ። ከውሃው ጉድጓድ የራቀው ቧንቧ በቀጭኑ እያንጠባጠበ ይደር። ዋናው መዝጊያ የት እንዳለ ከቤተሰቡ ሁሉም ይወቅ። ቧንቧው በረዶ ከያዘ፣ መክፈቻውን ከፍታችሁ ከመክፈቻው ጀምሮ ወደ ኋላ በፀጉር ማድረቂያ አሙቁት። እሳት ግን ፈጽሞ አታስጠጉ።

ፓምፑ በኤሌክትሪክ ስለሚሠራ መብራት ሲጠፋ ውሃም ይጠፋል። ለአንድ ሰው በቀን 4 ሊትር፣ ለሳምንት የሚበቃ አስቀምጡ። «በረዶ ሞልቶ ምን ውሃ ያሳስባል?» የሚል አለ። 10 ባልዲ አዲስ በረዶ ሲቀልጥ አንድ ባልዲ ውሃ ነው፤ ለማቅለጥም እንጨት ይበላል።

የከብቱን ውሃ በተመለከተ፣ የፕላስቲክ ባልዲ አትግዙ፤ ሲቀዘቅዝ ይሰነጠቃል። ጥቁር የጎማ ገንዳ ግዙ። ሁለት ሁለት አድርጉት፤ አንዱ በረት ውስጥ፣ አንዱ ቤት እየቀለጠ። የቀዘቀዘውን ገልብጣችሁ በእግር ረገጥ ስታደርጉት በረዶው እንደ ዳቦ ተላቅቆ ይወድቃል። ፍየል ለብ ያለ ውሃ ካገኘች የበለጠ ትጠጣለች፤ በሚገባ የጠጣች ደግሞ በሚገባ ትበላለች። የሚያሞቃትም ሆዷ ውስጥ የሚብላላው ድርቆሽ ነው። ስለዚህ ብርዱ ሲጠና ማታ ማታ የምትጨምሩላት እህል ሳይሆን ድርቆሽ ይሁን።

መንገድ መጥረግ

በረዶ ሳይከመር ጥረጉት። 10 ሴንቲ ሜትር በወረደ ቁጥር መውጣት፣ ሲያባራ ጠብቆ 40 ሴንቲ ሜትሩን ከመታገል ይሻላል። በአካፋ ከማንሣት ግፉት፤ በብርድ ውስጥ ከባድ ማንሣት የልብ ሕመም ያለበትን ሰው ይጥላል። መጀመሪያ የማሞቂያው ጭስ መውጫ ቱቦ፣ ቀጥሎ ወደ እንጨቱ፣ ወደ ዶሮ ቤቱና ወደ ፕሮፔን ጋኑ የሚወስደው መንገድ ይጠረግ። በኅዳር የመኪና መግቢያውን ከሚያስፈልጋችሁ በላይ ሰፊ አድርጋችሁ ጥረጉ። የግራና ቀኙ ክምር እየተጠጋ ስለሚመጣ በየካቲት መንገዱ ይጠብና የፕሮፔኑ ቦቴ አልገባም ብሎ ይመለሳል።

ስለ ልብስ አንድ ነገር ብቻ፦ ጋቢ ቤት ውስጥ ወደር የለውም፤ ለሥራ ግን ጥጥ አትልበሱ። ላብ የነካው ጥጥ ብርድ ይይዛል። ሱፍ ልበሱ፤ ጣት በጣት ከተለየ ጓንት ይልቅ አራቱን ጣት አንድ ላይ የሚይዘውን ምረጡ።

ዶሮዎችና የእንቁላል ሒሳብ

ሰው የሚከስረው እዚህ ላይ ነውና ረጋ ብለን እንየው።

ዶሮ ከብርድ ይልቅ እርጥበት ይገድላታል። ቤቷን አታሽጉት፤ ከቆጡ በላይ፣ ከጣሪያው ሥር ነፋስ መውጫ ተዉ። ወለሉ ላይ ሰጋቱራና ገለባ እየጨመራችሁ ክረምቱን ሙሉ ሳትጠርጉ ማቆየት ትችላላችሁ፤ ከሥር እየበሰበሰ ጥቂት ሙቀት ይሰጣል። የሙቀት አምፖል አትስቀሉ። በገለባና በላባ መካከል የተሰቀለ ትኩስ አምፖል እሳት የሚያስነሣ ነው፤ አስፈላጊም አይደለም። ዝርያውን ከብርዱ ጋር የሚስማማ ምረጡ። ሻንተክሌር የምትባለው ዝርያ በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በኩቤክ፣ በኦካ ገዳም ይኖር በነበረ መነኩሴ የተገኘች ናት። በራሷ ላይ ያለው ቀይ ሥጋ በጣም ትንሽ በመሆኑ ውርጭ አይቆርጠውም። ዋያንዶት የሚሏትም መልካም ናት።

አሁን ሒሳቡ። 30 ዶሮ አላችሁ እንበል። በሞቃቱ ወራት እያንዳንዷ በቀን 115 ግራም ያህል ትበላለች፤ 22.7 ኪሎ የሚመዝነው ኬሻ 6 ቀን ተኩል ይቆያል። በቀን 24 እንቁላል ከጣሉ፣ ያ ኬሻ 13 ደርዘን ያስገኛል። ኬሻው 20 ዶላር ቢሆን የአንድ ደርዘን መኖ 1 ዶላር ከ54 ሳንቲም ገደማ ነው። በታኅሣሥ ግን ብርዱን ለመቋቋም ወደ 130 ግራም ይበላሉ። ቀኑ 8 ሰዓት ተኩል ብቻ ስለሆነና ላባም ስለሚቀይሩ በቀን 7 እንቁላል ብታገኙ ነው። ያው ኬሻ 3 ደርዘን ተኩል እንኳ አይሞላም፤ የደርዘኑ መኖ ወደ 6 ዶላር ይጠጋል። ጎረቤት ደግሞ የሞቃቱን ወራት ዋጋ ለምዷል።

መፍትሔው ሁለት ነው። አንደኛው መብራት ነው። ዶሮ በደንብ የምትጥለው በቀን 14 ሰዓት ያህል ብርሃን ስታገኝ ነው። ሰዓት ቆጣሪ ያለው ትንሽ አምፖል ከንጋት በፊት ይብራ፤ በታኅሣሥ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ማለት ነው። በማታ ግን አይጨመር፤ ድንገት ሲጠፋ ቆጥ ሳይወጡ ይጨልምባቸዋል። ሁለተኛው ተዋቸው፣ ይረፉ የሚለው ነው። እኔ ሁለቱን በጾሙ አቆጣጠር አዋሕጃቸዋለሁ። ከኅዳር 15 እስከ ገና በእኛ ቤት እንቁላል አይበላም፤ ዶሮዎቹም እንቁላል የሚቀንሱት በዚሁ ጊዜ ነው። ስለዚህ መብራት ሳልጨምር አሳርፋቸዋለሁ። ከገና በኋላ በየሳምንቱ ግማሽ ግማሽ ሰዓት እየጨመርኩ እቀሰቅሳቸዋለሁ። የካቲት ላይ በሙሉ ኃይላቸው ሲመለሱ ዓቢይ ጾም ይገባል። ያን ጊዜ 55 ቀን ሙሉ የሚጣለው እንቁላል ሁሉ የሚሸጥ ነው፤ ጎረቤቶቼ ጿሚዎች አይደሉምና። የዓመቱ ምርጥ የእንቁላል ገቢዬ የሚመጣው ከዚሁ ነው።

በቀን ሦስት ጊዜ ሰብስቡ፤ የቀዘቀዘ እንቁላል ይሰነጠቃል። ሁለት ዓመት ከጣለች በኋላ የምትደክመውን ዶሮ ደግሞ በርካሽ አትጣሏት። ሥጋዋ ጠንካራ የሆነ ያረጀች ዶሮ ለፈረንጅ ጎረቤት ዋጋ የላትም፤ ለዶሮ ወጥ ግን የሱፐርማርኬቱ ለስላሳ ዶሮ ከእሷ አይወዳደርም። ለገናና ለፋሲካ ከሚኒያፖሊስና ከሴንት ፖል መኪና ይዘው የሚመጡ ቤተሰቦች አሉኝ፤ ከወር በፊት ስም ይመዘገባል፣ ዶሮዋ በሕይወት ትሸጣለች። አርዶ መሸጥ ሌላ ሕግ ስላለው የግዛቲቱን የግብርና መሥሪያ ቤት ሳትጠይቁ አትጀምሩ።

ጓዳ

እዚህ ውርጭ የማይወርድበት ጊዜ ከ100 ቀን ብዙም አይበልጥም። በርበሬ በሜዳ ላይ አይቀላምና አትድከሙ። ጎመን ግን ይወደዋል፤ ውርጭ ሲነካው ይጣፍጣል። ነጭ ሽንኩርት የዚህ አገር በረከት ነው፦ በመስከረም መጨረሻ 5 ሴንቲ ሜትር አጥልቃችሁ ተክሉት፣ 15 ሴንቲ ሜትር ገለባ አልብሱት፣ በሐምሌ ንቀሉት። ካሮት ከዜሮ በላይ እስከ 4 ዲግሪ ባለው እርጥብ ቦታ፣ ሽንኩርት በደረቅ ቦታ ይቀመጥ። ባቄላና ሥጋን በጠርሙስ የምታሽጉ ከሆነ የግፊት ማሸጊያ ድስት ግዴታ ነው። በተራ የፈላ ውሃ የታሸገ አሲድ የሌለው ምግብ የሚገድል መርዝ ያበቅላል።

በሐይቁ ላይ ቀዳዳ ቆፍራችሁ ዓሣ ልታጠምዱ ስትወጡ የበረዶው ውፍረት ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር መሆኑን ራሳችሁ ቆፍራችሁ ለኩ፤ የሰው ዱካ ማየት አይበቃም።

ገንዘብ

በ1862 የወጣው ሕግ ለሰፋሪ 160 ኤከር በነጻ ሲሰጥ፣ አምስት ዓመት ኖሮ ማልማትን ብቻ ይጠይቅ ነበር። መሬቱ የኦጂብዌ ሕዝብና የሌሎች ነባር ሕዝቦች መኖሪያ የነበረ መሆኑም አይዘንጋ። ያ ሕግ በ1976፣ በአላስካ ደግሞ በ1986 አብቅቷል። ዛሬ መሬት በባንክ ብድር ነው፤ ብድሩም በየወሩ ይጠይቃል። እውነቱን ልንገራችሁ፦ ትንሽ እርሻ ብቻውን ቤተሰብ አያኖርም። ከባልና ሚስት አንዱ ደመወዝና የጤና መድን ያለው ሥራ ይያዝ፤ የትምህርት ቤት አውቶቡስ መንዳት፣ በሆስፒታል ወይም በአረጋውያን እንክብካቤ መሥራት በየገጠሩ ሰው የሚፈለግበት ነው።

አንድ ደብተር አዘጋጁ። በአንዱ ገጽ የገባውን፣ በሌላው ገጽ ሳይወጣ የቀረውን ጻፉ፦ ያልተገዛ ፕሮፔን፣ ያልተገዛ ድንች፣ ያልተገዛ እንቁላል። የእኔ ሁለተኛው ገጽ ሁልጊዜ ከመጀመሪያው ይረዝማል።

የፌዴራሉ መንግሥት የቤት ማሞቂያ ድጎማ ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ቤተሰብ የተዘጋጀ ነው፤ ለፕሮፔንና ለእንጨትም ያገለግላል። በመኸር አመልክቱ፣ አትፈሩ። በሚኔሶታ ከኦክቶበር 1 እስከ ኤፕሪል 30 የቤት ማሞቂያ አገልግሎትን ከመቋረጥ የሚጠብቅ ሕግም አለ። ጥበቃው ግን በራሱ አይመጣም፤ ለኩባንያው ደውላችሁ የክፍያ ስምምነት ማድረግና እሱን መጠበቅ አለባችሁ። ፕሮፔን በቦቴ የሚያመጣውን ሻጭ ይህ ሕግ አይነካውም።

መጋቢት

ሌሊቱ ከዜሮ በታች፣ ቀኑ ከዜሮ በላይ መሆን ሲጀምር የሜፕል ዛፍ ውሃ ይንቀሳቀሳል። ውፍረቱ ከዳር እስከ ዳር 30 ሴንቲ ሜትር የሞላውን ዛፍ ምረጡ፤ 8 ሚሊ ሜትር ስፋትና 5 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ቀዳዳ በስታችሁ፣ ቱቦውን ሰክታችሁ ባልዲ አንጠልጥሉ። አንድ ቀዳዳ በአንድ ወቅት ወደ 40 ሊትር ይሰጣል፤ ያ ሁሉ ሲነጥር 1 ሊትር ሽሮፕ ይሆናል። ውሃው እንደ ወተት ስለሚበላሽ በጥቂት ቀናት ውስጥ አፍሉት፣ ከቤት ውጭ፤ እንፋሎቱ የግድግዳውን ልባስ ያላቅቃል። ከውሃ መፍያ በ4 ዲግሪ ሴልሲየስ ሲበልጥ ደርሷል። የዛፉ እንቡጥ ሲያብጥ አቁሙ፤ ጣዕሙ ይበላሻል። ይህ ሁሉ በዓቢይ ጾም ውስጥ ስለሚውል እንቁላሉ ተሽጦ ሽሮፑ ከጾሙ ማዕድ ይቀርባል፤ ልጆቼ በትኩስ አምባሻ ይበሉታል።

ማፍላቱ ከጠዋት እስከ ማታ እሳት ማስጠበቅ ነው። እጃችሁ ባዶ አይሁን። በክረምቱ የወደቁትን በርቾች በረዶው ሳይቀልጥ በተንሸራታች ሣንቃ ጎትታችሁ አምጡ፤ በኋላ ጭቃ ነው። እዚያው እሳቱ አጠገብ ፍለጧቸው። የተጣመመውንና የበሰበሰውን ለሽሮፑ አንድዱት፤ ቀጥ ያለውን ፀሐይ በሚያገኘው በደቡቡ በኩል ደርድሩ። ለመስከረም ይደርሳል።